ያልተያዘ ሙቀት ምስክር አይሆንም

ባለፈው እትም «ቀዝቃዛዋ ፀሐይ» በሚል ርእስ አንድ ወንድማችን የጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አማርኛው ያስቀናል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፤ ከባድ ውሃ ውስጥ የገባ የፓላዲየም ዘንግ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ከተቀበለው የበለጠ ሙቀት ይመልሳል፤ ትርፉም ከኑክሌር ውሕደት የሚመጣ ነው፤ «የቀረው መሣሪያውን ማረጋጋትና ሙቀቱን መቆጣጠር ብቻ ነው»። ስለዚህ የሳይንስ ክበባችን አባሎች ገንዘብ እናዋጣ፤ ፓላዲየም እንግዛ፤ መሣሪያውንም በኬሚስትሪው ላቦራቶሪ ጥግ እናቁም ይላል።

እኔ የምከራከረው «ብቻ» ከምትለው ቃል ጋር ነው። ወንድማችን ሙቀቱ መኖሩ ታውቆ ያለቀ፣ መቆጣጠሩ ግን በኋላ የሚደረስበት ጥቃቅን ሥራ አስመስሎ ጽፎአል። ለመሆኑ ያልተያዘ፣ በወጉ ያልተለካ፣ ባሻው ቀን መጥቶ ባሻው ቀን የሚቀር ሙቀት መኖሩ በምን ታወቀ? ሙቀቱን መያዝና ማርጋት ማለት እኮ ግኝቱ ራሱ ማለት ነው።

ታሪኩን ለማያውቁ ጓደኞቼ ላስታውስ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። በማርች 23 ቀን 1989 በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ፍላይሽማንና ስታንሊ ፖንስ የተባሉ ሁለት የኤሌክትሮኬሚስትሪ ሊቃውንት፣ ጽሑፋቸው በመጽሔት ከመውጣቱ በፊት፣ ጋዜጠኞችን ሰብስበው በተራ የሙቀት መጠን የኑክሌር ውሕደት ማግኘታቸውን አስታወቁ። መሣሪያቸው ለማየት ቀላል ነበር፤ በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ከባድ ውሃና ጥቂት የሊቲየም ጨው፣ በአንድ ወገን ፓላዲየም፣ በሌላው ወገን ፕላቲኒየም። ዓለም ተንጫጫ፤ በየአገሩ ያለ ላቦራቶሪ ሁሉ ይህንኑ ለመድገም ተሯሯጠ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ነውና። ለምሳሌ ያህል ዕቃው 5 ቮልትና 0.2 አምፔር ይቀበላል እንበል፤ ይኸውም 1 ዋት ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ዕቃው ውስጥ አይቀርም። ከባድ ውሃን ወደ ዲዩተሪየምና ኦክሲጅን ለመለያየት 1.53 ቮልት ያህል ይወሰዳል፤ ስለዚህ 0.31 ዋት ያህሉ በጋዙ ውስጥ ታዝሎ ይወጣል ተብሎ ይቀነሳል። ለሙቀት የሚቀረው 0.69 ዋት ነው። እንግዲህ ሁለቱ ጋዞች ሳይወጡ እዚያው ዕቃው ውስጥ ተመልሰው ውሃ ቢሆኑስ? የተቀነሰው 0.31 ዋት ተመልሶ ሙቀት ይሆናል፤ መዝጋቢውም ከመቶ 44 እጅ ትርፍ አገኘሁ ብሎ እልል ይላል። ኑክሌር የሚባል ነገር በአካባቢው ሳይደርስ! ጥንቁቆቹ ተመራማሪዎች የሚወጣውን ጋዝና የሚጨመረውን ውሃ እየለኩ ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ጥረዋል፤ ይመሰገናሉ። ወንድማችን ከጽሑፉ ጋር ባወጣው ሥዕል ላይ ግን ባትሪ፣ ብርጭቆና አንድ ቴርሞሜትር እንጂ የጋዝ መለኪያ አላየሁም።

አንድ ቴርሞሜትር ስል ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል። በሜይ 1989 በባልቲሞር ከተማ በተደረገው የፊዚክስ ሰዎች ጉባኤ የካልቴኩ ኔታን ሉዊስ የዩታን ሥራ ሲተች ካነሣቸው ነጥቦች አንዱ ዕቃው ማማሰያ የሌለው መሆኑ ነበር። ሁለቱ ሊቃውንት አረፋው ራሱ ያማስለዋል ብለው ተከራከሩ። ይህን ለመረዳት ካልቴክ መግባት አያስፈልግም፤ ምጣድ ያየ ሰው ያውቀዋል። እሳቱ ወደ አንድ ወገን ካደላ እንጀራው እዚያ ሲያር እዚህ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፤ ጣቱን በአንድ ቦታ ያሳረፈ ሰው ስለ ምጣዱ ሁሉ ሊመሰክር አይችልም። ከዚህም ሌላ ሁለቱ ሊቃውንት በመጀመሪያው ጽሑፋቸው በተራ ውሃ የተሠራ ማነጻጸሪያ ባለማቅረባቸው ክፉኛ ተወቅሰውበታል።

መለኪያዎቹስ ቢሆኑ የታመኑ ናቸውን? በዚያው በኤፕሪል 1989 የጆርጂያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሰዎች ኒውትሮን አገኘን ብለው ባወጁ በጥቂት ቀን ውስጥ ቃላቸውን መለሱ፤ መቁጠሪያቸው ሙቀት የሚነካው ሆኖ ተገኘ። በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲም አንድ ቡድን ያየው ትርፍ ሙቀት የመለኪያው ሽቦ በወጉ ከመሬት ጋር ስላልተያያዘ የመጣ መሆኑ ተደረሰበት። ስለ ኒውትሮን ካነሣን አይቀር፣ በታወቀው የዲዩተሪየም ውሕደት 1 ዋት ለማግኘት በየሴኮንዱ 1,000,000,000,000 ያህል ኒውትሮን መውጣት አለበት። በዚያን ጊዜ የፊዚክስ ሰዎች፣ ሙቀቱ በእውነት ከዚያ ቢመጣ ኖሮ ዕቃውን የሚጠብቀው ተማሪ በሕይወት ባልተገኘ ነበር እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቀልዱ ለእኛ ለተማሪዎች ብዙም አያስቅም፤ ስሌቱ ግን ትክክል ነው።

ወንድማችን ይህን ሁሉ አያጣውም። ለዚህም ይመስለኛል ወደ ዋናው መሸሸጊያ የሮጠው፤ «መሣሪያው ገና ስላልተረጋጋ ነው» ይላል። ለሳምንታት ምንም ሳያሳይ ይቆያል፤ አንድ ሌሊት ሙቀቱ ሽቅብ ይላል፤ ከዚያ ይወርዳል፤ ሁለተኛ አይመለስም። ይህን ለትርፉ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ እንዴት ያለ ፍርድ ነው? ለሳምንታት በሚሠራ ዕቃ ውስጥ እኮ ውሃው እየጎደለ ሙቀት የሚያስተላልፍበት ልክ ይለወጣል፤ የክፍሉ አየር ቀን ይሞቃል ሌሊት ይበርዳል፤ ኤሌክትሪኩ ይዋዥቃል። ትርፍ የሚባለው የሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ትንሽ ልዩነት ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ከወዛወዙ ልዩነቱ ምን ሊነግረን ይችላል? በእኛ ከተማ ደግሞ መብራት ይሄዳል። በሄደ ቁጥር ፓላዲየሙ ውስጥ የገባው ዲዩተሪየም መውጣት ይጀምራልና የስንት ሳምንት ድካም ወደ ዜሮ ይመለሳል። ለዚህስ ምን ታስቦአል? ጽሑፉ ዝም ይላል።

አለመረጋጋቱን ምክንያት ሰጥተው የፈተኑ ሰዎች አሉ። በካሊፎርኒያ የኤስ አር አይ ተቋም የነበረው ማይክል ማክኩብሬ፣ ሙቀቱ የሚታየው ለአሥር የፓላዲየም አቶም ዘጠኝ ያህል ዲዩተሪየም ሲገባ ነው ብሎ የገባውን መጠን በኤሌክትሪክ መቋቋም ይለካ ነበር። ይህ ሊፈተን የሚችል አነጋገር ስለሆነ አከብረዋለሁ። ሆኖም ጉግል ኩባንያ 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል አውጥቶ ያሰማራቸው ተመራማሪዎች ያንን ያህል ማስገባት እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን፣ የትርፍ ሙቀት ማስረጃም አለማግኘታቸውን በ2019 በኔቸር መጽሔት ገለጹ። በ2025 ደግሞ በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ዲዩተሪየምን በኤሌክትሮኬሚስትሪ ወደ ፓላዲየም በማስገባት የውሕደቱን መጠን ከመቶ 15 እጅ ያህል ከፍ አደረጉ። ወንድማችን ይህን እንደ ድል ጠቅሶታል። ነገር ግን እነርሱ የቆጠሩት ኒውትሮን እንጂ ሙቀት አይደለም፤ ውሕደቱንም ያስነሡት ዲዩተሪየም በኃይል ወደ ብረቱ በመወርወር ነው፤ የወጣው ኃይልም ከገባው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሙቀትን ትተው ኒውትሮን መቁጠራቸው ለእኔ ክርክር ይመሰክራል።

በእንፋሎት ስለሚለካው ሙቀትም ተጽፎአል። በ2011 በቦሎኛ ኢጣሊያዊው አንድሬያ ሮሲ መሣሪያውን ሲያሳይ ተቺዎች የጠየቁት እንፋሎቱ ደረቅ ነው ወይስ ያልተነነ ውሃ ይዞ የሚወጣ ነው ብለው ነበር። አንድ ኪሎ ውሃ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ 335 ኪሎጁል ይበቃል፤ ለማትነን ግን 2,257 ኪሎጁል ይፈልጋል። ገንፍሎ የወጣውን እንደ ተነነ ከቆጠርነው ትርፉ ሰማይ ይነካል፤ ጀበና ሲገነፍል ያየ ሁሉ ልዩነቱን ያውቃል። ወንድማችን በስሌቱ ውሃው በ100 ዲግሪ ይፈላል ብሎአል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ረስቶ ይሆን?

አደጋውን በቀልድ ማለፉ ግን አስቆጥቶኛል። ፍላይሽማንና ፖንስ በ1989ኙ ጽሑፋቸው አንድ የፓላዲየም ኩብ ቀልጦ ዕቃውንና የጢስ መሳቢያውን ከፊል እንዳጠፋ ገልጸዋል፤ ወንድማችን ይህን ለኃይሉ ብዛት ምስክር ያደርገዋል። ፓላዲየም ከራሱ መጠን 900 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ሃይድሮጅን የሚውጥ ብረት ነው፤ ያንን ጋዝ ኦክሲጅን ባለበት ሲለቅ ያለ ምንም ኑክሌር ይነዳል። በጃኑዋሪ 1992 በዚያው በኤስ አር አይ አንድ ዕቃ ፈንድቶ አንድ ተመራማሪ ሞተ፤ ሌሎችም ተጎዱ። እነርሱ ልምድና መሣሪያ የነበራቸው ሰዎች ነበሩ። እኛ የጢስ መሳቢያው በማይሠራበት ክፍል ጥግ፣ ሌሊት ዘበኛ እንኳ በማይዞርበት፣ ይህንኑ እናቁም እንባላለን!

ለመምህሮቻችንም አንድ ቃል አለኝ። አንዳንዶቹ ነገሩ ሲነሣ ስቀው «በ1989 የተፈረደበት ነው» ይላሉ። በዚያ ዓመት በኖቬምበር የአሜሪካ የኃይል መሥሪያ ቤት ያቆመው ኮሚቴ ማስረጃው አያሳምንም፣ ልዩ ፕሮግራምም አያስፈልግም አለ፤ በጥንቃቄ ለተነደፉ ሙከራዎች መጠነኛ ድጋፍ መስጠትን ግን አልከለከለም። ሳቅ ካሎሪሜትርን አይተካም። ደግሞስ የውሃን ሙቀት የመያዝ ልክ በቀዳዳ ዕቃ ለክቶ የክፍሉ ሁሉ ወረቀት 4.18 ይዞ ሲመጣ «ሙቀቱ የት ሾለከ?» ብሎ የጠየቀ መምህር ስንት ነው? ያንን ሳይጠይቁ ቆይተው ዛሬ ተማሪው ትርፍ ሙቀት አየሁ ቢል ለምን ይገርማቸዋል?

ስለዚህ ለክበባችን የማቀርበው ይህ ነው። ፓላዲየሙ ይቅር። በመጀመሪያ የጢስ መሳቢያው ይጠገን። ከዚያ ማማሰያ ያለው፣ በሦስት ቦታ ቴርሞሜትር የገባበት፣ የሚወጣው ጋዝ የሚለካበት ዕቃ እንሥራ፤ ተራ ውሃ እንሙላበት፤ ልኩ በታወቀ የኤሌክትሪክ ማሞቂያም እንፈትነው። ቀንና ሌሊት ለ30 ቀን፣ መብራት የጠፋበት ሰዓት ሳይቀር፣ ይመዝገብ። የዚያ ዕቃ ሒሳብ ከመቶ 1 እጅ ሳይዛነፍ ከዘጋ ስለ ከባድ ውሃ እንነጋገራለን። ለዚህ ሥራ መዋጮዬን ዛሬውኑ እሰጣለሁ፤ በተራዬም ሌሊቱን እጠብቃለሁ። ለፓላዲየሙ የተጠየቅሁትን ግን የ30 ቀኑ መዝገብ በክበቡ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ እስካይ ድረስ አልከፍልም። ወንድሜ መልስ ካለው በሚቀጥለው እትም እጠብቀዋለሁ።