የእሌኒ ደብዳቤና የአንካራው ስምምነት
ዘእነብሴ

መርጡለ ማርያም ደርሶ የድሮውን ሕንፃ ጥርብ ድንጋይ ያየ ሰው ስለ እቴጌ እሌኒ መጠየቁ አይቀርም። የሐድያ ባላባት ልጅ ናቸው። ጎጃም ላይ ቤተ ክርስቲያኑን አሠሩ፤ ለልጁ ንጉሥ ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆነው አገር ሲመሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1509 ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ ላኩ። ፍሬ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ሰውና ስንቅ ከእኛ፣ መርከብ ከእናንተ። የዛሬ ዲፕሎማቶቻችን ይህን ያህል ጥርት ያለ ነገር ሲጽፉ አላየሁም።

ሆኖም ቀይ ባሕር ለሊዝበን የቅመም ንግድ መንገድና የምሽግ ቦታ ነበር። ለእኛ ጎረቤት ነው፤ ከሙስሊሙ ሱልጣኔት ከአዳል ጋር ክረምት ከበጋ የምንኖረው እኛ ነበርን። ፖርቱጋሎች ዘይላን እ.ኤ.አ. በ1517 ሲያቃጥሉ ልብነ ድንግል በዚያው ዓመት የአዳሉን የጦር መሪ ማሕፉዝን ድል ነሣ፤ የፖርቱጋል መልእክተኞች ግን ምጽዋ የደረሱት በ1520 ነው። ያኔ ንጉሡ በድሉ ረክቶ ስለነበር የእሌኒን ያህል አልፈለጋቸውም፤ ስድስት ዓመት አቆያቸው። የፖርቱጋል ረዳት ጦር በ1541 ሲመጣ ንጉሡ ሞቷል። ከጦሩ ኋላ የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ ኢየሱሳውያን ተከተሉ፤ በንጉሥ ሱስንዮስ ዘመንም እዚያው መርጡለ ማርያም ላይ የራሳቸውን ሕንፃ አቆሙ።

ወደ ዛሬው እንምጣ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ሐርጌሳ እውቅና ይሰጠኛል አለች፤ አዲስ አበባ ጉዳዩን አጠናለሁ አለች። የሰነዱ ሙሉ ቃል ለሕዝብ አልወጣም። ወዳጆቻችንስ? ቱርክ ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከእኛ ጋር የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ተፈራርማለች፤ ሞቃዲሾ ላይ ግን ከ2010 ጀምሮ የሶማሊያን ሠራዊት የምታሠለጥንበት ካምፕ አላት። የኤምሬቶች ገንዘብ ደግሞ ሶማሌላንድ ውስጥ በርበራ ወደብ ላይ ነው። እዚያ ወደብ ላይ በ2010 ለእኛ 19 በመቶ ድርሻ ታስቦልን ነበር፤ የሚጠበቅብንን ሳናሟላ ቀርተን በ2014 አጣነው። ይኼ ከማንም ክህደት ይልቅ ያናድዳል።

ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በቱርክ አሸማጋይነት አንካራ ላይ የወጣው የኢትዮጵያና የሶማሊያ የጋራ መግለጫ ለኢትዮጵያ የባሕር መዳረሻ ይላል፤ በሶማሊያ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር ብሎ። ቱርክን ከዳችን የሚሉ አሉ። እኔ አልልም፤ ሞቃዲሾ ላይ ያላትን ጠበቀች። ሁለቱም ወዳጆች፣ ቱርክና ኤምሬቶች፣ በሶማሊያና በሶማሌላንድ ምን እንዳላቸው፣ የትኛውን አሳልፈው እንደማይሰጡ፣ ከታኅሣሥ 22 በፊት ቁጭ ብሎ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነበር።