ስንት ሰዓት በረረ?

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ አውሮፕላን አብራሪ ምን አገባቸው የሚለን ወዳጅ አይጠፋም። ያገባናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው አውሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች ካለቁ በኋላ፥ አንዳንድ አሜሪካውያን ሐዘናችን ሳይበርድ የረዳት አብራሪውን ሰዓት መቁጠር ጀመሩ። 361 ብቻ ነው ተባለ። ዕድሜው 25 ነበር፤ ከኛ በጥቂት ቢበልጥ ነው። ዋናው አብራሪ ከ8,000 ሰዓት በላይ መብረሩን ግን ዘለሉት።

በአገራቸው መለኪያው 1,500 ሰዓት ነው። ይህ ደንብ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2001 ዓ.ም. ቡፋሎ ከተማ አጠገብ አንድ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ስለ ሞቱ፥ ቤተሰቦቻቸው ምክር ቤቱን ደጅ ጠንተው ያስወጡት ነው፤ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮም፥ ለጥቂቶች ከሚደረገው ቅናሽ በቀር፥ ለረዳት አብራሪ ሁሉ ይሠራል። በእንባ የተጻፈ ሕግ ነውና አናፌዝበትም። ነገር ግን የዚያ አውሮፕላን ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ በረው ነበር! አውሮፕላኑ ፍጥነቱ አንሶ መሪው ለማስጠንቀቅ ሲንቀጠቀጥ፥ ካፒቴኑ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ሲገባው ወደ ላይ ሳበው። ዛሬም በዚያ አገር ብዙ ወጣት ሰዓቱን የሚሞላው ባንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ጀማሪ እያስተማረ፥ አለዚያም የማስታወቂያ ጨርቅ በሰማይ እየጎተተ ነው። (ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሰዓት መሙላት ምን እንደ ሆነ እኛም ጥቂት እናውቃለን።)

ወደ ቢሾፍቱ እንመለስ። ቦይንግ ማክስን ሲሸጥ፥ የቀድሞውን 737 የሚያውቅ አብራሪ ሲሙሌተር አያሻውም፥ የኮምፒውተር ትምህርት ይበቃዋል ይል ነበር። ባንድ መለኪያ መሣሪያ ቃል ብቻ አፍንጫውን ቁልቁል የሚደፋው አዲስ ሥርዓት በአብራሪው መመሪያ መጽሐፍ አልተገለጠም፤ ማስታወቂያ የተበተነው በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው። ታዲያ 8,000 ሰዓት ለዚህ ምን ይረዳል? በቢሾፍቱው በረራ ሞተሩ በመነሻ ጉልበቱ መቅረቱን፥ ፍጥነቱም ከልክ ማለፉን አንክድም፤ መርማሪዎችም ተከራክረውበታል። ሆኖም በኅዳር 2013 ዓ.ም. የአሜሪካ ባለሥልጣን ማክስ እንደገና እንዲበር ሲፈቅድ የጠየቀው ተጨማሪ ሰዓት አልነበረም፤ አብራሪዎቹ አስቀድመው በሲሙሌተር እንዲለማመዱ ነው እንጂ። የ25 ዓመቱን ልጅ በሰዓቱ የሚወቅስ ሁሉ፥ ይህን ልምምድ ማን እንደ ነፈገው አስቀድሞ ይንገረን።