ሳይቃጠል በቅጠል

አሰላ ውስጥ የሆነ ነው። ሁለት ጓደኛሞች «ተማሪ አይጠፋም» ብለው ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ቤት ተከራዩ፤ የእቁባቸው ብር እዚያው አለቀ። ከአሜሪካ በዘመድ የመጣላቸውን ፎቶ ኮፒ ማሽን ሰኩት፤ ጭስ ብቻ! ለካስ ማሽኑ የ120 ቮልት፣ የእኛ መስመር የ220 ኖሯል።

ወዳጆቼ፣ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት አዙሩትና ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ይላል? ጥሩ። 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ብቻ ካለ ግን ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አያስተካክልላችሁም።

ቀጥሎ ዋቱን ለ220 አካፍሉ። 1,500 ዋት ወደ 7 አምፔር ይመጣል። ትንሽ ነው እንዳትሉ! አከራያችሁ በዚያው ቆጣሪ እንጀራ ሲጋግሩ ምጣዱ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ሁለቱ ሲደመሩ ከ20 አምፔር ያልፋሉ። ብሬከሩ ካልቻለ ይወርዳል፤ ገመዱ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ይግላል።

ስለዚህ ለማሽኑ ብቻ የሚሆን፣ ኧርዝ ያለው መስመር በባለሙያ አዘርጉ። በማከፋፈያ ከካውያ ጋር አታዳብሉት። የባለሙያው ሂሳብ ከከበዳችሁ እነዚያን ሁለት ልጆች አስቡ፤ ማሽኑ የለም፣ ኪራዩ ግን ይቆጥራል።