«ዝም ብለሽ ዝፈኝ» ሲባል



ይህ ጽሑፍ ስለ ሙዚቃ ሑክም አይደለም፤ እሱን ለዑለማዎቻችን እንተወዋለን። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ በሙያው የምንወደው ሰው ስለ አገሩ ጉዳይ የማንወደውን ሲናገር ምን እናድርገው?

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2003 የኢራቅ ወረራ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ዲክሲ ቺክስ የተባለው ከቴክሳስ የተነሳ የሦስት ሴቶች የካንትሪ ሙዚቃ ቡድን ለንደን ላይ ሥራውን ያቀርባል። ድምፃዊቷ ናታሊ ሜይንስ ጦርነቱን እንደማይፈልጉት፣ ፕሬዚዳንት ቡሽ የቴክሳስ ሰው በመሆኑም እንደሚያፍሩ ከመድረክ ተናገረች።

ወሬው አሜሪካ ሲደርስ የካንትሪ ሬዲዮ ጣቢያዎች ዘፈኖቻቸውን ማጫወት አቆሙ። ሉዊዚያና ውስጥ ሲዲዎቻቸው በአደባባይ በትራክተር ተደፈጠጡ። ሜይንስ በቀናት ውስጥ ፕሬዚዳንቱን ባለማክበሯ ይቅርታ ብትጠይቅም ቁጣው አልበረደም። በዚያው ዓመት ዳላስ ላይ መድረክ የወጡት የግድያ ዛቻ ደርሷቸው፣ በፖሊስ ጥበቃ ሥር ሆነው ነው።

የተቆጡት ሰዎች ምክንያት «ዘፋኝ ፖለቲካ ውስጥ አይግባ» የሚል ነበር። እውነት ይህ ነበር ምክንያቱ? ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቶቢ ኪት የተባለ ዘፋኝ አሜሪካ የሴፕቴምበር 11ን ጥቃት በኃይል እንደምትበቀል የሚዝት ዘፈን አውጥቶ ነበር። ያም ፖለቲካ ነው። የካንትሪ ጣቢያዎች ግን ደጋግመው አጫወቱት፤ በካንትሪ ሰንጠረዥም አንደኛ ወጣ። ታዲያ የተከለከለው ፖለቲካ ሳይሆን የተለየ ሐሳብ ነበር ማለት ነው።

«እኛስ አንዳንድ ምርቶችን አንገዛም እንል የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሰው ገንዘቡን ላመነበት ነገር ማውጣትም ሆነ መከልከል መብቱ ነው። ሲዲያቸውን አልገዛም ያለ አሜሪካዊም አልበደላቸውም። በደሉ የሚጀምረው አንዱ ለሌላው ሲወስንለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንድ ኩባንያ በአገር ደረጃ ሊይዝ በሚችለው የሬዲዮ ጣቢያ ብዛት ላይ የነበረውን ገደብ አነሳ። በዚህም የተነሳ ኪዩሙለስ የተባለው ኩባንያ በ42 የካንትሪ ጣቢያዎቹ ላይ ቡድኑን ለ30 ቀናት በአንድ ትእዛዝ ማገድ ቻለ። መስማት የሚፈልገውም የማይፈልገውም እኩል ተዘጋበት። የግድያ ዛቻውማ ተቃውሞ ተብሎ ሊጠራም አይገባውም።

ከዚህ ሁሉ ልብ ልንለው የሚገባን ሰው ሴናተር ጆን ማኬይን ነው። ጦርነቱን ደግፏል፤ የሜይንስ ንግግርም አስከፍቶታል። ሆኖም በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በሴኔቱ ፊት የኩባንያውን ኃላፊ ሲጠይቅ፣ ሰው ሐሳቡን ስለተናገረ ከገበያ ማስወጣት ትክክል እንዳልሆነ ሞግቷል። በንግግሯ አልተስማማም፤ መብቷን ግን አልነካም።

ለእኛ ከናታሊ ሜይንስ ጎን መቆም ቀላል ነው። ጦርነቱ የብዙ ኢራቃውያንን ሕይወት ቀጥፏል፤ ለወረራው ምክንያት የተባለው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችትም አልተገኘም። ፈተናው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ነገ የምናደንቀው አትሌት ወይም አርቲስት እኛን የሚያስከፋ ነገር ቢናገር ምን እናደርጋለን? ምህንድስና የምንማር እንደምናውቀው፣ የተመዛኙን ማንነት አይቶ የሚለዋወጥ ሚዛን መጣል ያለበት ሚዛን ነው። በመድረሳም የተማርነው ፍትሕ ለወዳጅም ለጠላትም አንድ መሆኑን ነው።

ስለዚህ የዘመቻ መልእክት በስልካችን ሲደርሰን፣ ለሌላ ከማስተላለፋችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። ሰውዬው የተባለውን በእርግጥ ብሏል? እየመለስን ያለነው ለሐሳቡ ነው ወይስ እንጀራውን ልንዘጋ ነው? የእኛን ሐሳብ ደግፎ ተናግሮ ቢሆን ኖሮስ «አንተ ሥራህን ሥራ» እንለው ነበር?

ዲክሲ ቺክስ እ.ኤ.አ. በ2007 አምስት የግራሚ ሽልማቶችን ወስደዋል። የካንትሪ ሬዲዮ ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰላቸውም። በአንድ ቀን ቁጣ የተዘጋ በር በሽልማትም አይከፈትም። ለመዝጋት ከመሮጣችን በፊት ይህን እናስብ።

አላህ በቁጣችን ጊዜም ፍትሐዊ ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።