ሸክላ ሠሪን ሰድበን የት ልንደርስ ነው?

ቁስቋም የሚወጣ ሰው ስለ እቴጌ ምንትዋብ ብዙ ይነገረዋል። ግንቡን አያይዞ ስላቆየው ኖራ ግን ማን ያወራል? ኖራ የእሳት እውቀት ነው፤ ድንጋዩ 900 ዲግሪ አካባቢ ካልተቃጠለ አይገኝም። እዚያው ጎንደር አጠገብ፣ ወለቃ ላይ፣ የቤተ እስራኤል ሴቶች ለዘመናት ጭቃን በእሳት ሲያጠነክሩ ኖረዋል። ምን ከፈልናቸው? «ቡዳ» የሚል ስድብ!

የናቁት ያስረግዛል ይባላል። ዛሬ ዓለም ከሚሽቀዳደምባቸው የኃይል መሣሪያዎች አንዱ፣ እመኑኝ፣ የሸክላ ዘመድ ነው። ሶሊድ ኦክሳይድ ሴል ይሉታል፤ ከዱቄት ተሠርቶ በእሳት የጠነከረ ስስ ሴራሚክ። ትርፍ ኤሌክትሪክ ሲኖር እንፋሎትን ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ መብራት ሲጎድል ሃይድሮጅኑን መልሶ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል።

የተለመደው ሴል ሁለቱ ኤሌክትሮዶች ለየቅል ናቸው፦ በነዳጁ በኩል ኒኬል ያለበት፣ በአየሩ በኩል ሌላ። ሲሜትሪካል የሚባለው ግን ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ፔሮቭስካይት ነው። አንድ ዱቄት፣ ባንድ ጊዜ ጥብሰት። የካርቦን ጥላሸት ቢይዘው እንኳ የጋዞቹን ቦታ ማቀያየር ነው፤ አየሩ ጥላሸቱን ያቃጥለዋል። ጣጣው፣ ያው አንድ ማዕድን አየርንም ሃይድሮጅንንም ሳይፈርስ መቻሉ፣ ችሎም ኤሌክትሪክ በደንብ ማስተላለፉ ላይ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ቅመሙን ሲቀያይሩ ይውላሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የሳውዝ ካሮላይና ተመራማሪዎች ከስትሮንቲየም፣ ከብረትና ከሞሊብዲነም የተቀመመ አንድ አሳይተዋል። ሥራው ግን ገና አላለቀም።

«የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ቅንጦቱ የቱ ነው? ሚዛን፣ ምድጃ፣ ዱቄቱ ምን እንደሆነ የሚለይ የኤክስሬይ መሣሪያና ትዕግሥት። ውዱ መሣሪያ በጋራ ይገዛል፤ ትዕግሥት ግን አይገዛም።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የሕዳሴ ግድብ መርቀናል፤ እልል ብለናል፣ ይገባናልም። ኃይሉን የሚያጠራቅመውን መሣሪያ ግን ነገ በዶላር ከውጭ ልንለምን ነው?

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ለሴራሚክ ምድጃ ገንዘብ መድቡ። ኬሚስቱንና ሸክላ ሠሪዋን አንድ ምድጃ ዙሪያ አስቀምጧቸው፤ እሷንም ለጉብኝት ሳይሆን ለማስተማር፣ በደመወዝ ጥሩ። እሳት አያያዝ የምታውቀው እሷ ናትና። ይህን ለማድረግ የሚያሳፍረን ከሆነ፣ ኋላ ቀርነታችን የገንዘብ ሳይሆን የንቀት ነው።