እንጀራ የሚያመጣውን ሞተር ሳይክል በውሃ ግፊት አትጉዱት

ዛሬ በዚህ ገጽ የማነሣው ጉዳይ ከፖለቲካውም ከስብሰባውም ወጣ ያለ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ሞተር ሳይክል ማጠብ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን እዚህ ለንደን ከፊንስበሪ ፓርክ እስከ ሼፐርድስ ቡሽ፣ በዝናብም በብርድም፣ የሰው እራት ከኋላቸው ጭነው ሲበሩ የሚያመሹት ብዙዎቹ ወጣቶች የእኛው ልጆችና ወንድሞች ናቸው። የቤት ኪራዩ፣ ሀገር ቤት ለእናት የሚላከው ገንዘብ፣ ለትምህርት የሚጠራቀመው ሳንቲም በአንዲት 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ስለዚህ አጣጠቡ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ወረድ ብለን እንደምናየው ደግሞ የነፍስም ጉዳይ ነው።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። በሳንቲም የሚሠራውን ባለ ከፍተኛ ግፊት የውሃ ቧንቧ ለሞተር ሳይክል መጠቀም ይቅር እላለሁ። አንድ ሁለት ባልዲ፣ ስፖንጅ፣ ጨርቅና ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሆኖም ወጣቶቹን ብቻ ወቅሶ ማለፍ ተገቢ አይደለም፤ እኛ ቀድመን የመጣነውም የምናደርገው ነገር አለ።

ልጆቹ ለምን ወደ ግፊቱ እንደሚሄዱ መረዳት አያስቸግርም። ሀገር ቤት መኪና ሲቆሽሽ «ላቫጆ ውሰደው» ነው የሚባለው። ላቫጆ ለምዶ የመጣ ሰው እዚህ ነዳጅ ማደያ ጥግ የቆመውን ማጠቢያ ሲያይ የሚያውቀውን ዘመድ ያገኘ ይመስለዋል። በዚያ ላይ የሚኖረው በፎቅ ቤት ነው፤ ጓሮ የለው፣ የውጭ ቧንቧ የለው። ሳንቲሙን ይከታል፣ ቧንቧውን ይደግናል፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ ጭቃው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ሞተር ሳይክሉም ያብረቀርቃል። ችግሩ ያለው ዓይን ከማያየው ቦታ ነው።

«ይህ ሁሉ ዝናብ ሲወርድበት ምንም ያልሆነ ሞተር ሳይክል በ5 ደቂቃ እጥበት ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱም ቀላል ነው። ዝናብ ከላይ ወርዶ ይንሸራተታል። ፋብሪካውም የሠራው ይህንን እንዲችል ነው። የቤታችን ቧንቧ የውሃ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ባር ቢሆን ነው። የማጠቢያው ፓምፕ ግን 80 እና ከዚያም በላይ ባር ይደርሳል። ይህም ከ25 እጥፍ የበለጠ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ውሃ አይንሸራተትም፤ እንደ መርፌ ይወጋል።

የሚወጋውም ደካማውን ቦታ ነው። ጎማዎቹ የሚዞሩበት ኩሽኔታ በሁለቱም ወገን በቀጭን ጎማ ተሸፍኗል። ያ ጎማ ግሪሱን ከውስጥ ይይዛል፣ አቧራና ፍንጣቂ ውሃንም ከውጭ ይከለክላል። በቅርብ የተደገነ ግፊት ግን የጎማውን ከንፈር ገልብጦ ይገባል። የገባው ውሃ መውጫ ስለሌለው እዚያው ተቀምጦ ግሪሱን ያበላሻል፤ ብረቱንም ያዝጋል። የመሪው ኩሽኔታም ዕጣው ይኸው ነው። ውሃው በአየር ማጣሪያው በኩል ከገባ ወረቀቱ ርሶ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል። ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ ውስጥ ከተኛ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ወይም ጭራሽ አልነሣም ይላል። በመብራትና በሽቦ መገናኛዎች ውስጥ ከገባ ደግሞ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ፍሬቻው፣ ሌላ ቀን ጥሩንባው ዝም ይላል።

አበው «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። የታጠበ ዕለት ሁሉም ነገር ደኅና ነው። ከወራት በኋላ ኩሽኔታው ሲጮህና ጎማው ሲወላገድ ባለቤቱ «የገዛሁት ዕቃ የማይረባ ሆኖ ነው» ይላል እንጂ የዚያን ቀን እጥበት አያስታውስም። በዚህ አገር ሞተር ሳይክሉ 3 ዓመት ከሞላው ጀምሮ በየዓመቱ የኤም ኦ ቲ ምርመራ አለበት። መርማሪው ከሚያያቸው ነገሮች መካከል የጎማው ኩሽኔታ፣ መሪውና ፍሬኑ ይገኙበታል። ከዚያ የሚወድቅ ሞተር ሳይክል ደግሞ እስኪጠገን ድረስ ሥራ የለውም።

ታዲያ «እንግዲያው ባላጥበውስ?» የሚል ቢኖር ይህም ሌላ ጥፋት ነው። በብሪታንያ ከጥቅምት ወር ግድም ጀምሮ ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ አውራ ጎዳናው ላይ ጨው ይበተናል። ጨዉ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ የድንጋይ ጨው ነው። ቼሻየር ውስጥ ዊንስፎርድ በሚባለው ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1844 የተገኘው ጨው እስከ ዛሬ እየተቆፈረ ለመንገድ ይውላል። በሀገራችን አሞሌ ጨው በገንዘብነት ያገለግል ነበር፤ እዚህ ግን ጨው ገንዘብ ይበላል። ብሎኑን፣ ማርሚታውን፣ ቸርኬውን፣ የፍሬኑን አካላት ሁሉ ይቦረቡራል። በክረምት ወራት ሥራ ሲያበቃ ሳሙና እንኳ ባይኖር በዝግታ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ጨዉን ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ለዚህም የአትክልት ማጠጫ ይበቃል።

እንግዲህ ወደ አሠራሩ ልግባ። አንደኛ፣ ሞተሩ ሳይበርድ ውሃ አይንካው። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚደፋ ባለሙያ የለም። የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊጣመም፣ አንዳንዴም ሊሰነጠቅ ይችላል። ከሥራ እንደተመለሳችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አቁሙት።

ሁለተኛ፣ ማርሚታው መብረዱን አረጋግጣችሁ አፉን በጨርቅ ወይም በላስቲክ ድፈኑ፤ የቁልፉን ቀዳዳም ሸፍኑ። ማርሚታው ተደፍኖ ሞተሩ እንዳይነሣ ቁልፉን እዚያው መድፈኛው ላይ እሰሩት። ያን ጊዜ መርሳት የሚባል ነገር አይኖርም።

ሦስተኛ፣ ሁለት ባልዲ ያዙ፤ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ስፖንጁን ለማለቅለቅ። በአንድ ባልዲ ብቻ ካጠባችሁ አሸዋውን መልሳችሁ ቀለሙ ላይ ትፈጩታላችሁ። የሳህን ማጠቢያ ሳሙና አይሁን። ቀለሙን የሚጠብቀውን ሰም ይገፈዋል፤ በብዙዎቹም ውስጥ ጨው አለበት። የመኪና ሻምፖ ዋጋው ብዙ አይደለም፣ አንድ ጠርሙስም ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። እጥበቱ ከላይ ወደ ታች ይሁን፤ ለጎማዎቹም ሌላ ስፖንጅ ይኑራችሁ። ሳሙናው በፀሐይ እንዳይደርቅበት ጥላ ምረጡ። ደግሞም የመንገድ ዳር ፍሳሽ በብዙ ቦታ በቀጥታ ወደ ወንዝ ስለሚገባ፣ ከተቻለ ሣር ወይም ጠጠር ባለበት እጠቡ።

አራተኛ፣ ካቴና ያለው ከሆነ ካቴናውን ሞተሩ እየሠራ አታጽዱ። ይህን አስምሩበት። ጨርቁ ሲያዝ እጅ አብሮ ይሳባል፤ ጣታቸውን በዚህ የተነጠቁ ሰዎች አሉ። ሞተሩን አጥፍታችሁ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉና ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ አጽዱ። ቤንዚን በካቴናው ውስጥ ያሉትን ትናንሽ የጎማ ቀለበቶች ስለሚጎዳ ላምባ ወይም ለካቴና ተብሎ የተሠራውን ማጽጃ ተጠቀሙ። ሲደርቅም ቅባቱን ስጡት። ብዙዎቹ ስኩተሮች ግን ካቴና የላቸውም፤ በቺንጋ ነው የሚሠሩት። እዚያ ደግሞ የቺንጋው ሽፋን የአየር መሳቢያ ውሃ እንዳይገባው ጠብቁ።

አምስተኛውና ዋናው ፍሬን ነው። ለማብረቅረቅ ተብሎ የሚረጭ ቅባት፣ ሰም ወይም ዘይት የፍሬኑን ዲስክና የፍሬኑን ሸራ ፈጽሞ መንካት የለበትም። ያማረ ሞተር ሳይክል የማይቆም ከሆነ ምን ይሠራል? በንጹሕ ውሃ የራሰ ፍሬን እንኳ መጀመሪያ ሲያዝ ይዘገያል። ስለዚህ ካጠባችሁ በኋላ አድርቁት፣ የማርሚታውንም መድፈኛ አውጡ። ሞተሩን አስነሥታችሁ ጥቂት ደቂቃ አሙቁት። ይህም ከቤት ውጭ መሆን አለበት፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ በጭሱ ያለው መርዝ ሽታ ሳይሰጥ ይገድላል። ከዚያ በዝግታ እየነዳችሁ ሁለቱንም ፍሬን ደጋግማችሁ ያዙ። እንደ ቀድሞው መያዙን ሳታረጋግጡ አውቶቡስ ወደሚበዛበት መንገድ አትውጡ።

«ይህ ሁሉ ጊዜ ከየት ይመጣል?» ለሚለኝ ወጣት መልሴ የሚከተለው ነው። ግማሽ ሰዓቱ የእጥበት ብቻ አይደለም፤ የምርመራም ነው። ስፖንጅ የያዘ እጅ የላላውን ብሎን ያገኛል። የተሰነጠቀውን ጎማ፣ ዘይት የሚያንጠባጥበውን ቦታ፣ ያለቀውን የፍሬን ሸራ ያያል። ግፊቱን ከሩቅ የደገነ ሰው ከእነዚህ አንዱንም አያይም። ገበሬው በሬውን የሚዳብሰው እኮ ለፍቅር ብቻ አይደለም፤ ቁስሉንም ለማግኘት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

እርግጥ ነው፣ ግፊቱን ራቅ አድርጎ ይዞ፣ የሚነካውንና የማይነካውን ለይቶ ያለ ጉዳት የሚያጥብ መካኒክ አለ። እርሱ ግን ሙያው ነው። እኔ የምናገረው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ደክሞት፣ በርዶት፣ ሳንቲሙ ሳያልቅ ለመጨረስ ለሚጣደፈው ልጅ ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ በ5 ደቂቃ ያተረፈውን ጊዜ አንድ የዓርብ ምሽት ሞተር ሳይክሉ አልነሣም ሲለው በሙሉ ይከፍለዋል። ዓርብ ምሽት ደግሞ ለአድራሽ ምን ማለት እንደሆነ እርሱ ያውቃል።

ይህን ኪሣራ የሚጋራው ሰው አለመኖሩም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ዴሊቨሩ አድራሾች በሰጠው ፍርድ፣ በማኅበር ተደራጅቶ ለመደራደር በሚያበቃው የሥራ ግንኙነት ውስጥ አይደሉም ብሏል። ፍርዱ ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ጊዜ እናቆየው። በተግባር ግን ራሱን ችሎ የሚሠራ አድራሽ ሞተር ሳይክሉ ሲቆም ገቢውም ይቆማል፤ የጥገናውም ሒሳብ የራሱ ነው። ኩሽኔታው እየሄደ ቢጨናነቅበት ወይም ፍሬኑ ቢከዳው ደግሞ የሚደርሰው ጉዳት በገንዘብ አይለካም።

ስለዚህ ቀድመን ለመጣነው አንድ ቃል ልጨምር። ብዙዎቻችን ዛሬ ጓሮ፣ የውጭ ቧንቧና የመኪና ማቆሚያ ያለው ቤት አለን። ልጆቹ ግን ባልዲ የሚያስቀምጡበት ቦታ እንኳ የላቸውም። በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቧንቧችንን ለሁለት ወይም ለሦስት ልጆች ብንከፍት ምን ይጎድልብናል? በመካከላችን ሀገር ቤትም ሆነ እዚህ ጋራዥ ውስጥ ያረጁ መካኒኮች አሉ። ኩሽኔታ በእጅ ተይዞ እንዴት እንደሚፈተሽ፣ ካቴና እንዴት እንደሚጠብቅ በአንድ ስኒ ቡና ያስተምራሉ። የምግብ ቤት ባለቤቶችም ብትሆኑ፣ ከኋላ በኩል ቧንቧ ካላችሁ ምግባችሁን ለሚያደርሰው ልጅ አንድ ባልዲ ውሃ አትንፈጉት። ለሐዘንና ለደስታ ገንዘብ ማዋጣት እናውቅበታለን፤ ሐዘኑ ሳይመጣ ውሃ ማዋጣት ደግሞ ይቀላል።

እናንተም ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሞተር ሳይክላችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁና በእጃችሁ እጠቡት። ለዛሬ በዚህ ላብቃ። በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።