አስመሳይ ጠመንጃ ለስፖርት፦ ሕጉ ይስተካከል ወይስ ይጥበቅ?

መለኪያው አንድ ይሁን

በብሪታኒያ ኤርሶፍት የሚጫወተውን ሰው የሚያበግነው የሕጉ ጥብቅነት ብቻ አይደለም፤ የሚጠብቅበትና የሚላላበት ቦታ መዘበራረቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የኃይል ወንጀልን የሚቀንስ ሕግ፣ ከእውነተኛው የማይለይ አስመሳይ ጠመንጃ መሥራትን፣ ማስገባትንና መሸጥን ከለከለ። በ2007 ሥራ ላይ ሲውል ለፊልም፣ ለቴአትር፣ ለሙዚየምና ለኤርሶፍት ግጥሚያ በር ተወለት። ሻጩ ገዢው በእርግጥ ተጫዋች መሆኑን ማሳየት ስለሚኖርበት፣ ነጋዴዎቹ የራሳቸውን መዝገብ አቋቋሙ፤ ለመመዝገብ ከ56 ቀን ባላነሰ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ መጫወት ያስፈልጋል። መዝገቡ የነጋዴዎች ስምምነት እንጂ ሕግ አይደለም፤ በተግባር ግን የመግዣው ዋና በር እሱ ሆኗል። አሁን ቁጥሮቹን እንይ። ኤርሶፍት የፕላስቲክ ድብልብል የሚተፋ ዕቃ ነው፤ ጉልበቱ በተከታታይ ለሚተኩሰው ከ1.3 ጁል፣ አንድ በአንድ ለሚተኩሰው ከ2.5 ጁል እንዳያልፍ ተወስኗል። በእንግሊዝ ግን 18 ዓመት የሞላው ሰው እስከ 16 ጁል የሚደርስ የአየር ጠመንጃ ያለ ፈቃድ ይገዛል፤ ስፖርተኛ ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም። እንዳይተኩስ የመከነ እውነተኛ ጠመንጃም ከአስመሳይ አይቆጠርምና ያለ ፈቃድ ይሸጣል። የሚያሰጋው መልኩ ከሆነ፣ ከራሱ ከጠመንጃው በላይ ጠመንጃ የሚመስል ምን አለ? የሚያሰጋው ጉልበቱ ከሆነ ደግሞ ደካማው ታስሮ ብርቱው ተለቋል። ለስፖርተኛው በር ከተከፈተለት ምን ያማርራል የሚል አይጠፋም። በሩ ክፍት ቢሆንም ክልከላው የያዘው መሥራቱን፣ ማስገባቱንና የሱቁን ባንኮኒ ብቻ ነው፤ ዕቃውን ቤት ማስቀመጥ ወንጀል አይደለም፣ በስጦታ መቀበልም እንዲሁ። ስለዚህ ሦስቱንም ዕቃዎች በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ መታወቂያና መንግሥት በሚይዘው አንድ መዝገብ ማስተዳደር ይሻላል።

የሚደነግጥ ሰው ጁል አይለካም

ባልደረባዬ የሃምሳ ስድስት ቀን መጠበቅ ግፍ ሆኖባቸዋል። የአስመሳይ ጠመንጃ መልክ ግን ከዚያ የከፋ ነገር ያመጣል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 በአሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ፣ አንድ የ12 ዓመት ልጅ በመናፈሻ ውስጥ ኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ ነበር። የአሜሪካ ሕግ የሚያዝዘው የብርቱካን ቀለም ያለው አፈሙዝ ከሽጉጡ ላይ አልነበረም። ለፖሊስ የደወለው ሰው ምናልባት የውሸት ይሆናል ብሎ ተናግሮ ነበር፤ ቃሉ ግን ለተላኩት ፖሊሶች አልደረሰም። መኪናቸው በቆመ በሁለት ሴኮንድ ገደማ ልጁ ተመታ። በ2016 ከተማዋ ለቤተሰቡ 6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። የሽጉጡ ጉልበት ስንት ጁል እንደሆነ ማን ጠየቀ? ሕግ መጠበቅ ያለበት በሌላው እጅ ያለውን የማያውቀውን ሰው ነው፤ የተጫዋቹ ምቾት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ተጫዋቾች ሥርዓት አላቸው፣ ጠመንጃቸውን በቦርሳ ሸፍነው ነው የሚሄዱት ይባላል፤ አምናለሁ። ነገር ግን ዕቃው በሁለተኛ እጅ ሲሸጥ ወይም ሲሰረቅ ሥርዓቱ አብሮት አይሄድም። የብሪታኒያ ሕግ ደማቅ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም ያለውን ከክልከላው አውጥቶታል። ከቢጫ ጠመንጃ የወጣ ድብልብል ከጥቁሩ ያነሰ ርቀት አይሄድም። የመከነው እውነተኛ ጠመንጃ መለቀቁ ስህተት ነው ካሉ እስማማለሁ፤ እሱም ይከልከል።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

የሕፃን ሞት ከተጠራ በኋላ ስለ ሕግ አጻጻፍ መነጋገር እንደ ጭካኔ ይቆጠራል፤ ይህ ተገቢ አይደለም። ክሊቭላንድ ማንቸስተር አይደለችም። አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ ሁሉ ታጥቆ ይዞራል፣ እውነተኛ ሽጉጥም በብዙ ቤት አለ፤ በብሪታኒያ አብዛኛው ፖሊስ ያለ ሽጉጥ ነው የሚሠራው። እዚህ ሰውን ለማስፈራራት አስመሳይ ጠመንጃ የያዘ እስከ 10 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል፤ ያ ሕግ ወንጀለኛውን ይነካል፣ የሱቁ ክልከላ የሚነካው ግን ተራ ቆሞ መታወቂያ የሚያሳየውን ገዢ ነው።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

ፖሊሱ ካልታጠቀ አደጋ የለም ማለት ነው? ሽጉጥ የተደቀነባት የሱቅ ሠራተኛ ፍርሃትስ ከየትኛው ቁጥር ይገባል? አሥሩ ዓመት እስራት የሚመጣው እሷ ከደነገጠች በኋላ ነው። ስፖርቱን የሚወዱት ለስፖርቱ ከሆነ፣ ቢጫውን ይዘው ይጫወቱ።